ጥር ላይ ኢንስብሩክ፣ እስከዚያ መስቀል አደባባይ፦ ባላንስና መታጠፍ እንዴት ልለማመድ?

የካዛንቺስ ልጅ
ሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ጥር ላይ ለሥራ ኦስትሪያ፣ ኢንስብሩክ ልላክ ነው። እዚያ ያሉት ባልደረቦቼ ቅዳሜ ስኪ ካልወሰድንህ ብለዋል። እውነቱን ለመናገር እኔም ጓጉቻለሁ። በረዶ የማውቀው ግን ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው።

በጎማ አልታማም። ኢንላይን ስኬቴን (ጎማው በአንድ መስመር የተደረደረውን ጫማ) አድርጌ ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ እወጣለሁ። መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ “መንገድ ለሰው” ሲኖርማ አልቀርም። መፍጠንም መቆምም አያስቸግረኝም። የሚያስቸግረኝ መታጠፍ ነው። ወደ ግራ ሰላም ነው። ወደ ቀኝ ሲሆን ግን ሰውነቴ ድርቅ ይላል። ትከሻዬ ቀድሞ ይዞራል፣ እግሬ ኋላ ይቀራል፣ ተንገጫግጬ ነው የምወጣው። ትንሽ ቁልቁለት ሲጨመርበት ደግሞ ሳላውቀው ወደ ኋላ እለጠጣለሁ።

እዚሁ አዲስ አበባ ሆኜ ምን ብለማመድ ይጠቅመኛል? ከስኪ ስኖውቦርድ (ሁለቱም እግር አንድ ሰሌዳ ላይ የሚታሰርበት) ይሻልሃል ያሉኝም አሉ። የሞከራችሁ ወዲህ በሉ።


ቀልደኛው 22
ሰኞ፣ ማታ 2፡55

ሀበሻና ስኪ? ወንድሜ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ሻይ ጠጣ፣ ተመለስ።


ጋሽ ስታዲየም
ሰኞ፣ ማታ 3፡20

አንተ ልጅ፣ ሳታውቅ አትሳቅ። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ ተወዳድሯል። በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። አዲስ አበባ አስፋልት ላይ ጎማ በተገጠመለት ስኪ ይለማመድ ነበር። የሱ ግን አገር አቋራጭ ስኪ ነው። ተረከዝ ከስኪው ይነሣል፣ እየገፉ የሚሄዱበት ነው። ይሄ ልጅ የሚጠይቀው የቁልቁለቱን ስለሆነ ይለያያል።

አበበ ቢቂላም በመኪና አደጋ እግሩ መንቀሳቀስ ካቆመ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1971 ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በሚጎተት መንሸራተቻ (ስሌድ) የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር አሸንፏል። እና ሀበሻና በረዶ አይተዋወቁም አትበሉ።

የካዛንቺሱ ልጄ፣ የመታጠፉን ነገር የሚያውቁት ይንገሩህ። በርታ።


ቀልደኛው 22
ሰኞ፣ ማታ 3፡24

ጋሼ የአበበን ገና አሁን ሰማሁ። በቃ ቁጭ ብዬ አነባለሁ።


ከአልፕስ ሥር
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡10

ኢንስብሩክ አካባቢ መኖር ከጀመርኩ ቆየሁ። ስኪም የተማርኩት እዚሁ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

በመጀመሪያ ወደ ኋላ መለጠጡን እናንሣ። የመታጠፉ ችግር ግማሹ ከዚያ ነው የሚመጣው። ሰውነት ቁልቁለት ሲያይ ይፈራል፣ ሲፈራ ይሸሻል፣ የሚሸሸውም ወደ ኋላ ነው። ስኪ ግን መታጠፍ የሚጀምረው ከፊት ጫፉ ነው። ክብደትህ ተረከዝህ ላይ ከሄደ ጫፉ ይቀላል፣ በረዶውን አይነክስም። ስኪው ወዳሻው ይሄዳል፣ አንተ ደግሞ ጭንህ እየተቃጠለ ትከተለዋለህ።

መለኪያ ልስጥህ። የስኪ ቡት ከፊት በኩል ምላስ አለው። ቅልጥምህ ያንን ምላስ ሁልጊዜ እንደነካ ይቆይ። በኃይል ተጫነው አላልኩም፣ ብቻ አይልቀቅህ። በቡቱና በቅልጥምህ መሀል ክፍተት ከተሰማህ ወደ ኋላ ሄደሃል። ሌላው፣ ጉልበትህን እጠፍ ሲባል ብዙ ሰው ወንበር ላይ የሚቀመጥ ይመስል ቁጭ ይላል። ቁርጭምጭሚት ሳይታጠፍ ጉልበት ብቻ ከታጠፈ መቀመጫህ ወደ ኋላ ይወጣል፣ ተመልሰህ እዚያው ችግር ውስጥ ነህ። ከታች ጀምር። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ ዳሌ፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ።

አሁን ወደ ቀኝህ እንምጣ። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ የሚሸከምህ ግራ እግርህ ነው። ወደ ግራ ከሆነ ቀኙ። የሚሸከመው ሁልጊዜ የውጪው እግር ነው። ስለዚህ ወደ ቀኝ መታጠፍ ካስቸገረህ ቀኝ እግርህን ትተህ ግራህን መርምር። እኔ ሳስበው ግራ እግርህን አታምነውም። ስለማታምነው ክብደትህን አትሰጠውም፣ ባልሰጠኸው ቁጥር ትከሻህን ወርውረህ ለመዞር ትታገላለህ። ትከሻ መወርወሩ መዘዙ ነው እንጂ ሥሩ አይደለም። እሱን ለማረም ብቻ ከተነሣህ አይለቅህም።

ስለ ስኪው ራሱም እወቅ። የዛሬ ስኪ ፊቱና ኋላው ሰፊ፣ ወገቡ ጠባብ ነው። በጠርዙ አዘንብለህ ስትጫነው ይጎብጣል፣ ከጎበጠ በኋላ ቅስት እየሠራ ይሄዳል። ካርቪንግ የሚሉት ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይሄ ቅርጽ እስኪስፋፋ ድረስ ስኪ ረጅምና ቀጥ ያለ ነበር፣ ለማዞር ጉልበት ይፈልግ ነበር። አሁን አዘንብለህ፣ ተጭነህ፣ መጠበቅ ነው። ጀማሪ መጠበቁ ያቅተዋል። ስኪው ገና ቁልቁል ሲመለከት ይደነግጥና ኋላውን በግድ ይገፋዋል። መንገጫገጭ ከዚያ ይመጣል።

አንተ ግን የመጀመሪያ ቀን ካርቪንግ አትነካም። የስኪዎቹን ፊት አቀራርበህ ኋላቸውን ትከፍታለህ። ለሕፃናት ሲያስተምሩ “ፒዛ” ይሉታል። እንደዚያ ሆነህ ግራውን ስትጫን ወደ ቀኝ ትሄዳለህ፣ ቀኙን ስትጫን ወደ ግራ። ሲለምድልህ ኋላቸውን እያቀራረብክ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ትጀምራለህ።

ፍጥነት የምትቀንሰውም በመታጠፉ ነው። ውሃ ቢደፋ የሚወርድበትን መስመር አስብ። የስኪህ ጫፍ ወደዚያ ባየ ቁጥር ትፈጥናለህ፣ መታጠፉን ጨርሰህ ጫፉ ወደ ጎን፣ ከዚያም በጥቂቱ ወደ ላይ ሲያይ ፍጥነትህ ይቀንሳል። አብዛኛው ጀማሪ መታጠፉን ግማሽ ላይ ጥሎት ወደ ቀጣዩ ይሮጣል። በየመታጠፊያው ፍጥነት ይጨምርና መጨረሻ ላይ ይወድቃል። ጨርሰው። ክብ አድርገው።


ባለጎማው
ማክሰኞ፣ ቀን 6፡30

ከላይ ያለው በጎማም ይሠራል። ካዛንቺስ፣ ዛሬ ማታ ስኬትህን ገልብጠህ ጎማዎቹን ተመልከት። የሁላችንም ጎማ ውስጠኛው ጎን ይበላል፣ የምንገፋው በሱ ስለሆነ። ውጪኛው ጎንስ? የግራው ስኬት ውጪኛው ጎን ገና ከሱቅ የወጣ ከመሰለ በዚያ ጠርዝ ቆመህ አታውቅም፣ ግራ እግርህን ሙሉ ለሙሉ አታምነውም ማለት ሊሆን ይችላል። ግራውን ከቀኙ አወዳድረህ ንገረን።

መለማመጃው ይኸው። የሃይላንድ ክዳን ሰብስብ። አደባባዩ ላይ በቀጥታ መስመር፣ ሁለት ሁለት እርምጃ ያህል አራርቀህ ደርድር። የመጥረጊያ እንጨት በሁለት እጅህ ያዝ፣ ከፊትህ በደረት ቁመት፣ አግድም። አሁን በክዳኖቹ መሀል እየተጠማዘዝክ ሂድ። ደንቡ አንድ ነው። ወደ ስታዲየም አቅጣጫ እየሄድክ ከሆነ እንጨቱ ስታዲየምን እንዳየ ይቀራል። እግርህ ከታች ግራ ቀኝ ይላል፣ እንጨቱ አይዞርም። ትከሻህ መዞር ሲጀምር እንጨቱ ያጋልጥሃል። ሰው ያይሃል፣ ይስቃል፣ ልመደው። ቀስ ብለህ ሥራው። በፍጥነት ከሄድክ ሩጫህ ስሕተቱን ይሸፍንልሃል።

በየመታጠፊያው የውስጠኛው እግር በግማሽ ጫማ ያህል ቀደም ይበል። ስኪ ላይም እንደዚያው ነው።

እንዲያውም ስኬት የሚችል ሰው ስኪን በግማሽ ቀን ይይዘዋል ባይ ነኝ።


ከአልፕስ ሥር
ማክሰኞ፣ ቀን 9፡05

@ባለጎማው የእንጨቱ ነገር ግሩም ነው፣ እዚህም አሠልጣኞች በስኪ ዱላ ያሠሩታል። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ግን አልስማማም።

ጎማ ወደ ጎን አይንሸራተትም። ይይዛል ወይ ይጥልሃል። ስኪ ላይ ጀማሪ መጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ደግሞ በጎን መንሸራተት ነው። ጠርዙን ትንሽ ስታላላ ስኪው በጎኑ እየፋቀ ይወርዳል፣ ስታጠብቀው ይቆማል። ይሄን ስሜት አስፋልት አይሰጥህም። እዚህ የማያቸው ስኬተሮች ጠርዝ አጥብቀው ይይዙና ከሚፈልጉት በላይ ይፈጥናሉ። ሁለተኛው ደግሞ አንዱን ስኬት ከኋላ በአግድም እየጎተቱ የማቆም ልማድ አለ። እሱን ስኪ ላይ ከሞከርከው ሁለቱ ስኪዎች ይጣመሩና በግንባርህ ትደፋለህ። ስለዚህ ካዛንቺስ ማቆምን ከወዲሁ በ“ፒዛ” ይለማመድ፤ የስኬቶቹን ፊት አጥብቦ፣ ተረከዞቹን ወደ ውጪ እየገፋ።


ባለጎማው
ማክሰኞ፣ ቀን 9፡20

ስለ ማቆሙ እሺ፣ ወስጃለሁ። ባላንሱ ግን ያው ባላንስ ነው። የውጪውን እግር ማመን የለመደ ሰው ከዜሮ አይጀምርም።


ከአልፕስ ሥር
ማክሰኞ፣ ቀን 9፡26

እሱን አልካድኩም። ግማሽ ቀን ነው ያልተዋጠልኝ።


ፊዚዮዋ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡45

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ስኪ አልሞከርኩም፣ ጉልበት ግን በየቀኑ ነው የማየው።

ባላንስ ከሦስት ቦታ ነው የሚመጣው። ከዓይን፣ ከውስጠኛው ጆሮ፣ ከእግር መርገጫና ከመገጣጠሚያዎች ከሚላክ ስሜት። ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዓይኑ ላይ ይደገፋል። በረዶ ላይ ደግሞ ሲደመን ሁሉም ነጭ በነጭ ሆኖ ጉብታውና ጉድጓዱ እንደማይለይ አንብቤያለሁ። ያኔ የሚያድንህ የእግር ስሜት ነው። እሱ ደግሞ ይሠለጥናል። ጥርስህን ስትቦርሽ በግራ እግርህ ቁም። ሲቀልህ ዓይንህን ጨፍን። እሱም ሲቀልህ በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ቁም። ቁርጭምጭሚትህ ሲንቀጠቀጥ ደስ ይበልህ፣ እየሠራ ነው። ከመጨፈንህ በፊት የምትይዘው ነገር አጠገብህ ይኑር።

ከዚያ በአንድ እግር ቀስ ብሎ ዝቅ ማለት። መስታወት ፊት ሁን። ጉልበትህ ወደ ውስጥ ከታጠፈ አቁም። ጉልበቱ ከእግርህ ሁለተኛ ጣት ጋር መስመር ይያዝ። ጉልበቱ ወደ ውስጥ የሚወድቅ ሰው ዳሌው ደካማ ሊሆን ይችላል፣ የዳሌ ጎን ጡንቻህን አጠንክር። ስኪ ላይ የጉልበት ጅማት ጉዳት የተለመደ ነው። ቡቱ ቁርጭምጭሚትን አጥብቆ ስለሚይዝ ጠመዝማዛው ኃይል ጉልበት ላይ ያርፋል።

ለዚህም ነው ቡቱን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ ስትወድቅ እንዲለቅ የሚደረገው። ስኪ የሚያከራየው ቤት ክብደትህን፣ ቁመትህን፣ ችሎታህን ይጠይቅሃል። እባክህ ጉራ አትንፋ። “ጎበዝ ነኝ” ካልክ ጠበቅ አድርገው ያስተካክሉታል፣ መልቀቅ ሲገባው አይለቅም። ጀማሪ ነኝ በል።


ጋሽ ስታዲየም
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡10

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኔ ነገር ከዘመኑ ጋር ላይሄድ ይችላል፣ ግን አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ ሳይደገፉ መሄድስ አይጠቅምም ወይ? ድሮ በአንበሳ ከፒያሳ ስንወርድ ልጆች ይወራረዱበት ነበር።


ፊዚዮዋ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡18

ጋሼ፣ በጣም ይጠቅማል እንጂ! እግርን ጎን ለጎን አድርጎ ቆሞ፣ ጉልበት ላላ አድርጎ። ኩርባው ላይ ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲሄድ ይሰማል። ብቻ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ሰው ላይ እንዳይወድቅ እጁን ከብረቱ አጠገብ ያድርግ።


ካልጋሪ ቦርደር
ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡50

ስለ ስኖውቦርድ የጻፈ ስለሌለ እኔ ልግባ። ልጅነቴ ቄራ ነው፣ ክረምቴ ግን ካናዳ።

ብዙ ጊዜ የሚባል ነገር አለ። ስኪ ለመጀመር ይቀላል፣ ለመራቀቅ ይከብዳል። ስኖውቦርድ ተቃራኒው። እኔም የማየው እንደዚያ ነው። ቦርድ ላይ ሁለቱም እግርህ ታስሯል፣ አንዱን አውጥተህ መደገፍ የለም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት መቀመጫህና የእጅ አንጓህ ይከፍላሉ። የአንጓ መከላከያ አድርግ። ስትወድቅ እጅህን ዘርግተህ አትመክት፣ ጨብጠህ በክንድህ ውደቅ።

ቦርድ ሁለት ጠርዝ ነው ያለው፣ የጣትና የተረከዝ። መታጠፍ ማለት ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ነው። የሚያስፈራው ቅጽበት መሀሉ ላይ ነው፣ ቦርዱ ጠፍጣፋ ሆኖ ቁልቁል ሲያይ። ጀማሪው እዚያ ላይ ይፈራና ክብደቱን ወደ ኋላ እግሩ ይወስዳል። ፊቱ ቀልሎ ቦርዱ አልታዘዝ ይላል። ተመልከቱ፣ ከአልፕስ ሥር ስለ ስኪ ከጻፈው ጋር አንድ ነው። ክብደት ወደ ፊት እግር፣ ዓይን ወደምትሄድበት፣ ከዚያ የፊት ጉልበትህ ቦርዱን ይመራዋል።

በቁልቁለቱ በኩል ያለው ጠርዝ በረዶውን ከነካ ደግሞ ቦርዱ ባለበት ቀጥ ይላል፣ አንተ ትበራለህ። ማስጠንቀቂያ የለውም። የሚከላከለው አንድ ነገር ነው፤ ሁልጊዜ በሽቅቡ በኩል ባለው ጠርዝ ላይ ትንሽ ተደግፈህ መቆየት።

የትኛው እግር ከፊት እንደሚሆን ለማወቅ በካልሲ ሴራሚክ ላይ ተንደርደርና ተንሸራተት። ሳታስብ ያስቀደምከው እግር እሱ ነው። ቀኝህ ከሆነ አትደንግጥ፣ “ጉፊ” ይሉሃል፣ በሽታ አይደለም።

ለአንድ ሁለት ቅዳሜ ብቻ ከሆነ ግን ስኪ ያዝ። ሁለት እግር ለብቻ ለብቻ ማዘዝ ለምደሃል።


የካዛንቺስ ልጅ
እሁድ፣ ቀን 7፡15

ሰዎች፣ ምን ብዬ ላመስግናችሁ። ዛሬ “መንገድ ለሰው” ስለነበር ጠዋት በደንብ ሠራሁ።

ባለጎማው እንዳልከው ገልብጬ አየሁ። የቀኙ ስኬት ውጪኛ ጎን ትንሽ ተበልቷል። የግራው ፋብሪካ ላይ የታተመው ጽሑፍ እንኳ አልጠፋም። ከአልፕስ ሥር ሳያየኝ ነው ያወቀብኝ።

እንጨቱን ይዤ ክዳኖቹ መሀል ስገባ ወደ ቀኝ በታጠፍኩ ቁጥር የእንጨቱ ጫፍ ከስታዲየም ወደ ግዮን ሆቴል ይሸሻል። ሰዎች እየቀረጹኝ ነበር፣ ይሁን። ከዚያ ክዳኖቹን ትቼ በግራ እግር ብቻ መንሸራተት ላይ አተኮርኩ። ቀኙን በትንሹ አንሥቶ፣ ግራ ላይ ሙሉ ለሙሉ ቆሞ። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዓይኔን ከእግሬ ላይ አንሥቼ ሩቅ ሳይ ግን ረጋ አለ። ተመልሼ ክዳኖቹ ጋ ስሄድ እንጨቱ አልዞረም። ሁልጊዜ አይደለም፣ ግን ሲሳካ ይታወቃል፣ ድምፁ ራሱ ይለያል። ጎማው አንድ ወጥ እየጮኸ ይዞራል፣ ያ ፍርክርክ የለም።

ቁልቁለቱስ? ከማዘጋጃ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ የሚወርደውን አስቤ ነበር።


ባለጎማው
እሁድ፣ ቀን 7፡22

እሱን እርሳው። ጎማ በጎን ስለማይንሸራተት እዚያ ፍጥነት የምትጥልበት የለህም፣ መንገዱ ዝግ ቢሆንም ከሥር ሕፃናት አሉ። ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ለገሃር ያለው ቀለል ያለ ነው፣ ለዚህ በቂ ነው። መንገዱ ሲዘጋ ብቻ። ስፋቱን ተጠቅመህ ከጥግ እስከ ጥግ ክብ እየሠራህ ውረድ። ሄልሜት የሌለው አይምጣ።


ፊዚዮዋ
እሁድ፣ ቀን 8፡00

ስለ ግራ እግርህ በጣም ደስ ብሎኛል። ነገ ባትህ ቢያምህ አይግረምህ። አንድ ቀን አሳርፈው።


ከአልፕስ ሥር
እሁድ፣ ማታ 1፡30

ጎበዝ። የድምፁን ነገር በማንሣትህ ደስ አለኝ፣ በረዶ ላይም ጆሮህን ክፈት። ስኪው ከፋቀ እየገፋኸው ነው፣ ዝም ካለ ይዟል።

ለጉዞው ጥቂት ልበል። ከፍታው አያሳስብህ። ኢንስብሩክ ራሷ ከ600 ሜትር በታች ናት፣ የስቱባይ ግግር በረዶ ላይኛው ጣቢያ ደግሞ 3,200 ሜትር አካባቢ። እንጦጦ የሚወጣ ሳንባ ለዚያ አይደነግጥም። ባልደረቦችህ ከፍ ወዳለው እንሂድ ቢሉህ ግን የመጀመሪያውን ጠዋት እንዳትሸነፍ። አሠልጣኝ ያዝ፣ ጓደኛ አያስተምርህ። እዚህ ያደገ ሰው በልጅነቱ ስለለመደው እንዴት እንደሚታጠፍ ራሱ አያውቅም፣ “ዝም ብለህ ውረድ” ነው የሚልህ። ኦስትሪያ ውስጥ መውረጃው በቀለም ይለያል። ሰማያዊ ቀላል፣ ቀይ መካከለኛ፣ ጥቁር ከባድ። ሰማያዊ ላይ ቆይ። ሲወርዱ ከፊትህ ያለው ሰው ቅድሚያ አለው፣ ከኋላ የሚመጣው ነው መጠንቀቅ ያለበት።

ወንበር ሊፍቱ ላይ ስትደርስ ደግሞ፣ ልትወርድ ስትል የስኪህን ጫፍ ወደ ላይ ቀና አድርግ፣ ተነሥ፣ ቀጥታ ውጣና ከመንገድ ዞር በል። እዚያ ቆሞ ጓንት የሚያስተካክል ሰው ነው ሁሉንም የሚጥለው።


ቀልደኛው 22
እሁድ፣ ማታ 1፡41

እኔም ስኬት ልገዛ ነው። ያገለገለ የሚሸጥ ካለ ቁጥሬ 42 ነው። ጎማው በሁለቱም በኩል እኩል የተበላ ይሁን።